የጉበት ካንሰር ዓይነቶችን በኮንትራስት ኤምአርአይ እንዴት እንለያለን?

ጉበት ላይ ዕጢ ታየ ማለት ገና ብዙ ነገር አልታወቀም ማለት ነው። ከጉበት ሴል የተነሳ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ከሐሞት ቧንቧ የተነሳም ይሆናል። ከአንጀት ወይም ከጡት ተነስቶ ጉበት ላይ ያረፈም ይሆናል። ወይ ደግሞ ምንም የማያደርግ የደም ሥሮች ጥቅል ሆኖ ሁላችንንም በከንቱ ሊያስደነግጠን ይችላል። የእነዚህ ሁሉ ሕክምና ለየቅል ነው። ለአንዱ የጉበት ንቅለ ተከላ ሲታሰብ ለሌላው ብዙውን ጊዜ ጭራሽ አይነሳም፤ ለሦስተኛው ደግሞ ዋናው ሥራ መጀመሪያ የተነሳበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ሌላም አለ። የጉበት ሴል ካንሰር፣ በሐኪሞች አፍ ኤችሲሲ የሚባለው፣ ናሙና ሳይወሰድ በምስል ብቻ ተረጋግጦ ሕክምና ከሚጀመርባቸው ጥቂት ካንሰሮች አንዱ ነው። ስለዚህ ምስሉን ያነበበው ሰው ከተሳሳተ ከኋላ ሆኖ የሚያርመው የፓቶሎጂ ውጤት ላይኖር ይችላል።

ይህን የጻፍኩት ምስል ማንበብ ለሚማሩ ሬዚደንቶች፣ ማሽኑን ለሚያንቀሳቅሱ ቴክኖሎጂስቶችና ምርመራውን ለሚያዙ ሐኪሞች ነው። የቤተሰቡን ሪፖርት ይዞ «ዋሽአውት ምንድን ነው?» እያለ የሚጨነቅ ሰውም ቢያነበው ይገባዋል። እሱ ግን ከሐኪሙ ጋር ሲቀመጥ ለመጠየቅ ይጠቀምበት እንጂ በዚህ ተነስቶ ራሱ ምስል እንዳይተረጉም አደራ።

1. ምስሉን ከመክፈታችሁ በፊት፦ ጉበቱ የማን ነው?

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። አትዝለሉት።

አንድ ዓይነት ምስል በሁለት ሰዎች ላይ ሁለት የተለያየ ትርጉም አለው። ሲሮሲስ ባለበት ጉበት ላይ፣ ማለትም በጠባሳ በተኮማተረ ጉበት ላይ፣ መጀመሪያ ደምቆ ቶሎ የሚጠቁር ዕጢ ኤችሲሲ የመሆን ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ ነው። ያው ምስል ጤነኛ ጉበት ባላት ወጣት ሴት ላይ ከታየ አዴኖማ የሚባል ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ሊሆን ይችላል። የጣፊያ ወይም የአንጀት ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ (ሆርሞን ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሳ) ታሪክ ባለው ሰው ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዚያ ዕጢ ሥርጭት ነው። አይ፣ ጣፊያ አልኩ መሰለኝ፤ ቆሽት ለማለት ነው።

የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ2011 ያወጣው ላይራድስ የሚባለው የአነባበብ ሥርዓት ለዚህ ነው በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው። በ2018ቱ እትም መሠረት የሚሠራው ሲሮሲስ ላለባቸው፣ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ላለባቸው፣ አሁን ኤችሲሲ ላለባቸው ወይም ከዚህ በፊት ለነበረባቸው አዋቂዎች ብቻ ነው። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ አይሠራም። ሲሮሲሱ ከደም ሥር ችግር የመጣ ከሆነም አይሠራም፤ ለምሳሌ የጉበት ደም መልሶች ሲዘጉ በሚመጣው የበድ ኪያሪ በሽታ ጉበቱ ራሱ ደመቅ ደመቅ ያሉ ጉዳት የሌላቸው እብጠቶችን ያበቅላልና ሁሉንም ካንሰር ብላችሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ።

ስለዚህ ወረቀት ላይ እነዚህን ጻፉ፦ ሲሮሲስ አለ ወይ፣ ሄፓታይተስ ቢ ወይስ ሲ፣ ሌላ ካንሰር ነበረበት ወይ፣ የሐሞት ቧንቧ ሥር የሰደደ በሽታ አለ ወይ፣ ትኩሳት አለ ወይ። የደም ምርመራም ካለ ኤኤፍፒ እና ሲኤ 19-9 የሚባሉት የካንሰር ጠቋሚዎች ስንት እንደሆኑ። ኤኤፍፒ በጣም ከፍ ካለ ወደ ኤችሲሲ ያደላል፣ ሲኤ 19-9 ወደ ሐሞት ቧንቧ ካንሰር። ግን ሁለቱም ይዋሻሉ። ኤኤፍፒው ልክ የሆነ ኤችሲሲ ሞልቷል፣ የሐሞት ቧንቧ ሲዘጋ ደግሞ ካንሰር ሳይኖርም ሲኤ 19-9 ይወጣል።

2. ኮንትራስቱ የሚነግረን ምንድን ነው?

ጉበት ደም የሚያገኘው ከሁለት በኩል ነው። ሦስት አራተኛ ያህሉ ከአንጀት በሚመጣው ፖርታል ቬይን፣ ቀሪው አንድ አራተኛ ከልብ በሚመጣው የጉበት አርተሪ ይገባል። ኤችሲሲ ሲያድግ ይህን ሚዛን ይገለብጠዋል። የፖርታሉን ደም ቀስ በቀስ ይተውና አዳዲስ አርተሪዎችን እየሳበ በእነሱ ይኖራል።

የምርመራው ምሥጢር ሁሉ እዚህ ነው ያለው። ጋዶሊኒየም ያለበት ፈሳሽ በክንድ ሲሰጥ መጀመሪያ በአርተሪ ይደርሳል፤ ያኔ ጉበቱ ገና አልደመቀም፣ ኤችሲሲው ግን በአርተሪ ስለሚመገብ ቦግ ይላል። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ፈሳሹ በፖርታል ቬይን ዞሮ ይመጣል፤ አሁን ተራው የጉበቱ ነው፣ እሱ ሲደምቅ ዕጢው ፖርታል ስለሌለው ወደኋላ ይቀራል፣ ይጠቁራል። ዋሽአውት የምንለው ይኸው ነው።

የሐሞት ቧንቧ ካንሰር ሌላ ፍጥረት ነው። መሐሉ በጠባሳ መሰል ጠንካራ ጅማት የተሞላ ነው። ሕይወት ያላቸው የካንሰር ሴሎች በብዛት ያሉት ጠርዙ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚደምቀው ጠርዙ ነው። መሐሉ ያለው ጅማት ፈሳሹን ቀስ ብሎ ይጠጣና ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ስለዚህ ከደቂቃዎች በኋላ ጉበቱ ሲደበዝዝ መሐሉ እየደመቀ ይመጣል። ከኤችሲሲ ጋር ፍጹም ተቃራኒ አካሄድ ነው።

ይህ ከገባችሁ የቀረው ዝርዝር ነው። አንድ ምስል ላይ አፍጥጣችሁ መልስ አትፈልጉ። መልሱ ያለው በሰከንዶችና በደቂቃዎች መካከል ዕጢው ከምን ወደ ምን እንደተቀየረ ላይ ነው።

3. የትኛውን ኮንትራስት ልስጥ?

ሁለት ዋና ምርጫ አለ። አንደኛው ከሴል ውጭ ብቻ የሚዘዋወረው ተራው የጋዶሊኒየም ፈሳሽ ነው፤ መጠኑ በኪሎ 0.1 ሚሊሞል ነው። ሁለተኛው ጋዶክሴቴት ነው፤ ብዙዎቻችን በገበያ ስሙ ፕሪሞቪስት እንለዋለን። የእሱ መጠን በኪሎ 0.025 ሚሊሞል ብቻ ነው። የጋዶክሴቴት ልዩነቱ ግማሽ ያህሉ በጉበት ሴሎች ውስጥ ገብቶ በሐሞት መውጣቱ ነው። ሌላው ግማሽ በኩላሊት ይወጣል። ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ጤነኛው ጉበት ፈሳሹን ጠጥቶ ያበራል፣ የጉበት ሴል የሌለው ወይም ሴሉ የተበላሸበት ነገር ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

የትኛው ይሻላል? እንደ ጥያቄው ነው። ትንንሽ ዕጢ መፈለግ ወይም ከቀዶ ሕክምና በፊት የሥርጭቶችን ቁጥር በትክክል ማወቅ ከሆነ የተፈለገው ጋዶክሴቴት ይበልጣል። ጥያቄው «ይህ አንድ ዕጢ ኤችሲሲ ነው ወይስ የሐሞት ቧንቧ ካንሰር?» ከሆነ ግን እኔ በግሌ ተራውን እመርጣለሁ። የዘገየው ምስል ላይ የመሐሉን መድመቅ በንጽሕና ያሳያል፣ ዋሽአውቱንም ያለ ማወናበድ ያሳያል። ቢሊሩቢኑ (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው የሐሞት ቀለም) በጣም የጨመረ ወይም ጉበቱ ክፉኛ የደከመ ሰው ላይም ጋዶክሴቴት ብዙ አይጠቅምም፤ ሴሎቹ ፈሳሹን አይጠጡትም።

ደኅንነቱን በተመለከተ፦ ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ላይ ቀድማችሁ አስቡ። አንዳንድ የቆዩ የጋዶሊኒየም ዓይነቶች ቆዳና ውስጥ አካልን የሚያደርቅ ከባድ በሽታ እንደሚያመጡ በ2006 ከታወቀ ወዲህ ዓይነት መምረጥ ግዴታ ሆኗል። በ2017 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ብዙዎቹን ሊኒየር የሚባሉ ዓይነቶች ሲያግድ ጋዶክሴቴትን ለጉበት ምርመራ እንዲቆይ ፈቅዷል። ነፍሰ ጡር ላይ በጣም ካላስገደደ አይሰጥም። ቀድሞ ለጋዶሊኒየም አለርጂ የነበረው ሰው ካለም ከመርፌው በፊት ይነገር እንጂ በኋላ አይደለም።

4. ምስሉን ማንሳት

እዚህ ላይ የቴክኖሎጂስቱ እጅ ከአንባቢው ዓይን ይበልጣል። የተበላሸ አርቴሪያል ፌዝ፣ ማለትም ፈሳሹ በአርተሪ ሲደርስ የሚነሳው ምስል፣ በምንም ጥበብ አይታረምም።

ሰውየው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይጹም። እስትንፋስ መያዝን ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አብራችሁት ተለማመዱ። ከ15 እስከ 20 ሰከንድ መያዝ አለበት፤ ካልቻለ ፈጣኑን ሲኩዌንስ (የአነሳስ ዓይነት) ምረጡ። ቀድሞ ሳይነገረው መርፌው ላይ «ትንፋሽህን ያዝ!» ተብሎ የተጮኸበት ሰው ሁሌም ይንቀሳቀሳል።

አነሳሱ በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ከኮንትራስት በፊት ቲ1 የሚባለው የምስል ዓይነት፣ በእሱም ስብን የሚያጋልጡት ኢንፌዝና አውት ኦፍ ፌዝ የሚባሉት ጥንዶች፣ ውኃን የሚያደምቀው ቲ2፣ የውኃን እንቅስቃሴ የሚያሳየው ዲፉዥን። ከዚያ መርፌው። የዘገየ አርቴሪያል ፌዝ በግምት 35ኛው ሰከንድ አካባቢ ነው፤ ግን ቆጥራችሁ ከመገመት ፈሳሹ አኦርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቅ ደም ሥር) ላይ ሲደርስ አይታችሁ ብታስነሱ ይሻላል፣ የደከመ ልብ ያለው ሰው ደም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ፖርታል ፌዝ ከ60 እስከ 80 ሰከንድ። ዘገየ የሚባለው ከ2 እስከ 5 ደቂቃ። ጋዶክሴቴት ከሆነ ደግሞ 20ኛው ደቂቃ ላይ የመጨረሻው።

ሰዓቱ ልክ መሆኑን የምታውቁት ደም ሥሮቹን አይታችሁ ነው። የዘገየው አርቴሪያል ላይ አርተሪው ደምቋል፣ ፖርታል ቬይኑም ጀምሯል፣ የጉበት ደም መልሶቹ ግን ገና ጥቁር ናቸው። ፖርታል ቬይኑ ምንም ካልደመቀ ቸኩላችኋል፤ ያኔ ብዙ ኤችሲሲ አይታይም። የጉበት ደም መልሶቹ ከደመቁ ዘግይታችኋል። የ20 ደቂቃው ምስል ልክ የሚሆነው ጉበቱ ከውስጡ ካሉት ደም ሥሮች በላይ ሲያበራ ነው። ደም ሥሮቹ እኩል ወይም የበለጠ ከደመቁ ያ ምስል ደካማ ነው፣ ሪፖርቱ ላይም ጻፉት።

ጋዶክሴቴት አንድ አመል አለው። አንዳንድ ሰው ላይ ልክ አርቴሪያል ፌዙ ላይ ለጥቂት ሰከንድ የትንፋሽ ማጠር ያመጣል፣ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። አደገኛ አይደለም፣ ራሱ ያልፋል፣ ግን ዋናውን ምስል ይዞብን ይሄዳል። ፈሳሹን በዝግታ፣ በሰከንድ 1 ሚሊ ሊትር መስጠትና በአንድ እስትንፋስ ሁለት ሦስት ፈጣን አርቴሪያል ምስል ማንሳት ብዙ ጊዜ ያድናል።

5. ኮንትራስት ከሌለበት ምስል ጀምሩ

ለመርፌው መቸኮል ጥሩ አይደለም። ቲ2 ላይ እንደ ውኃ የሚያበራ ዕጢ ካያችሁ ሂማንጂዮማ (ጉዳት የሌለው የደም ሥሮች ጥቅል) ወይም ሲስት (ውኃ የቋጠረ ከረጢት) ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ካንሰሮቹ ቲ2 ላይ መጠነኛ ድምቀት ነው ያላቸው።

ኢንፌዝና አውት ኦፍ ፌዝን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አውት ኦፍ ፌዙ ላይ ዕጢው ከጠቆረ ውስጡ ስብ አለ ማለት ነው። ሲሮሲስ ባለበት ጉበት ላይ ከአካባቢው ይልቅ ስብ ያለበት ዕጢ ወደ ኤችሲሲ ያደላል። የሐሞት ቧንቧ ካንሰርና አብዛኞቹ ሥርጭቶች ስብ የላቸውም። ትንሽ ምልክት ትመስላለች፣ ግን አከራካሪ ሲሆን ሚዛን የምትደፋ እሷ ናት።

ዲፉዥን ላይ ካንሰር ሁሉ ያበራል፤ ስለዚህ «አበራ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። አበራሩን እዩ። ጠርዙ በርቶ መሐሉ ከደበዘዘ፣ የተኩስ ኢላማ ከመሰለ፣ ኤችሲሲነቱን ተጠራጠሩ።

ቲ1 ላይ ከኮንትራስት በፊት ደማቅ የሆነ ዕጢም አለ። ደም፣ ስብ ወይም ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሥርጭት ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ኮንትራስት ይጨምር አይጨምር በዓይን መለየት ስለማይቻል ማሽኑ ፊተኛውን ከኋለኛው ቀንሶ የሚሰጠውን የሰብትራክሽን ምስል ተጠቀሙ። ሰውየው በሁለቱ መካከል ከተንቀሳቀሰ ግን ቅንሳሹም ያሳስታል።

6. አርቴሪያል ፌዝ፦ ሁለንተናው ነው ወይስ ጠርዙ?

ከሁሉም ጥያቄ ይህ ይበልጣል። ዕጢው በሙሉ ወይም መሐሉን ጨምሮ በከፊል ከጉበቱ በላይ ከደመቀ የኤችሲሲ መንገድ ላይ ናችሁ። ዙሪያው እንደ ቀለበት ደምቆ መሐሉ ጥቁር ከሆነ መንገዱ ተለየ፤ የሐሞት ቧንቧ ካንሰር፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሥርጭት፣ ወይም ካንሰር እንኳ ያልሆነ መግል ሊሆን ይችላል። ላይራድስ ቀለበት የታየበትን ዕጢ ኤልአር ኤም የሚባል ምድብ ውስጥ ያስገባል። ትርጉሙ «ካንሰር መሆኑ አይቀርም፣ ኤችሲሲ ነው ማለት ግን አልችልም» ነው። እዚያ ምድብ ውስጥ ኤችሲሲ የለም ማለት አይደለም፤ ጥቂት የማይባሉ ኤችሲሲዎች ናሙና ሲወሰድ እዚያው ይገኛሉ።

ቀለበቱ ቀጭን ሲሆን ወይም ዕጢው 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን ያወዛግባል። ዕጢውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አትዩት፤ አሳድጋችሁ በሌላ አቅጣጫም ቁረጡት።

ትንሽ የሐሞት ቧንቧ ካንሰርም ሲሮሲስ ያለበት ጉበት ላይ ሲወጣ ሁለንተናው ሊደምቅ ይችላል። ይህችን አስታውሱ፣ እመለስባታለሁ።

ደግሞ የደመቀ ሁሉ ዕጢ አይደለም። ሲሮሲስ ውስጥ አርተሪና ፖርታል ቬይን አቋራጭ ይሠራሉ፣ ያ ቦታ አርቴሪያል ላይ ይደምቃል። ብዙ ጊዜ ጫፍ ላይ ያለ ሽብልቅ ቅርጽ ነው፣ ቲ2 ላይ የለም፣ ዲፉዥን ላይ የለም፣ 20ኛው ደቂቃ ላይም የለም። አንድ ፌዝ ላይ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ነገር ላይ ካንሰር ብላችሁ አትፍረዱ።

7. ፖርታልና የዘገየው ፌዝ፦ ቀጥሎ ምን ሆነ?

አሁን ተከታተሉት። ደምቆ የነበረው ዕጢ ከጉበቱ በታች ጠቆረ? ዙሪያውን ቀጭን ደማቅ ቅርፊት ከበበው? ቅርፊቱ ካፕሱል ይባላል፤ ከዋሽአውቱ ጋር ከመጣ ኤችሲሲ የሚለውን በጣም ያጠናክራል። መሐሉ ተውቶ ጠርዙ ብቻ ከጠቆረ ግን ያ የኤችሲሲ ዋሽአውት አይደለም፣ የኢላማው ምልክት ሌላ መልኩ ነው።

የላይራድስ ትልቁ ምድብ፣ ኤልአር 5፣ የሚሰጠው እንዲህ ነው። ዕጢው 20 ሚሊ ሜትርና በላይ ከሆነ፣ ቀለበት ያልሆነ የአርቴሪያል ድምቀት ካለው፣ በተጨማሪም ከዋሽአውት፣ ከካፕሱል ወይም ከፈጣን እድገት አንዱ ከታየ። ከ10 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ከሆነ ድምቀቱ ላይ ዋሽአውት ወይም ፈጣን እድገት ያስፈልጋል፤ ካፕሱል ብቻውን አይበቃም። ፈጣን እድገት ማለት በ6 ወር ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ በ50 በመቶ ማደግ ነው። ኤልአር 5 የተባሉት ከ10 ከ9 በላይ የሚሆኑት በእርግጥ ኤችሲሲ ናቸው፤ ያለ ናሙና ሕክምና የሚጀመረው ለዚህ ነው።

የጋዶክሴቴት ትልቁ ወጥመድ ያለው እዚህ ጋ ነው። እኔንም አንድ ጊዜ ጉድ ሠርቶኛል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው፣ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚሆን ዕጢ፣ አርቴሪያል ላይ ደመቅ ያለ፣ 3ኛው ደቂቃ ላይ ጥቁር። ምን ይጠየቃል፣ ዋሽአውት ብዬ ኤችሲሲ ጻፍኩ። ሌላ ባልደረባዬ ፖርታሉን ከፍቶ «እዚህ ላይ እኮ አልጠቆረም» አለኝ። ናሙና ተወሰደ፣ የሐሞት ቧንቧ ካንሰር ሆነ። ምን ነበር የሆነው? ጋዶክሴቴት ከ2ኛው ደቂቃ ጀምሮ ወደ ጉበት ሴሎች መግባት ይጀምራል። ጉበቱ እየደመቀ ሲሄድ የጉበት ሴል የሌለው ነገር ሁሉ የጠቆረ ይመስላል። ዕጢው ፈሳሹን አልለቀቀም፤ ጎረቤቱ ነው የበራው። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው፦ በጋዶክሴቴት ዋሽአውት የሚነበበው ፖርታል ፌዝ ላይ ብቻ ነው። ሂማንጂዮማም በዚሁ መንገድ የውሸት ዋሽአውት ያሳያል፣ እሱን ግን ቲ2 ያጋልጠዋል።

በተራው ኮንትራስት ከሆነ የዘገየው ፌዝ ወርቅ ነው። መሐሉ እየበራ የመጣ ዕጢ የሐሞት ቧንቧ ካንሰርን ያስጠረጥራል። ቅድም እመለስባታለሁ ያልኳት ትንሿ ዕጢም እዚህ ትያዛለች፤ አርቴሪያል ላይ ሁለንተናዋ ቢደምቅም ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ አትጠቁርም፣ ድምቀቷን ይዛ ትቆያለች።

8. 20ኛው ደቂቃ

ጉበቱ ያበራል፣ ካንሰሩ ይጠቁራል። ቀላል ይመስላል፣ ግን ከኤችሲሲ ከ10 አንዱ ያህል ፈሳሹን የሚያስገባውን በር ስላልዘጋ ደማቅ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መብራቱ ብቻውን ነጻ አያወጣም። ጥቁረቱም ብቻውን ካንሰር አያሰኝም።

የሚጠቅመው ቅርጹ ነው። ጠርዙ ጥቁር ሆኖ መሐሉ ደመና የመሰለ ግራጫ ከያዘ ጅማቱ ፈሳሹን ይዞ ነውና ወደ ሐሞት ቧንቧ ካንሰር ወይም ወደ ሥርጭት ያደላል። አርቴሪያል ላይ አጥብቆ ደምቆ፣ ዋሽአውት ሳያሳይ፣ 20ኛው ደቂቃ ላይ እንደ ጉበቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚያበራ ከሆነ፣ ጉበቱም ጤነኛ ከሆነ፣ ፎካል ኖዱላር ሃይፐርፕላዝያ የሚባለው ጉዳት የሌለው እብጠት ነው ብላችሁ አስቡ። አዴኖማ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁራል።

9. አሁን ስም ስጡት

ኤችሲሲ ከጉበት ከሚነሱ ካንሰሮች ከ75 እስከ 85 በመቶውን ይይዛል። ከላይ ካልኩት ሌላ ደም ሥር ውስጥ መግባት ይወዳል። ፖርታል ቬይን ውስጥ ያለው ነገር ራሱ አርቴሪያል ላይ ከደመቀ ተራ የረጋ ደም አይደለም፣ ካንሰሩ ራሱ ነው፤ ሕክምናውንም ከሥር መሠረቱ ይቀይረዋል። ዕጢው ውስጥ ሌላ ዕጢ፣ ወይም የተለያየ ቀለም የተለጣጠፈበት ሞዛይክ መልክ ከታየም ኤችሲሲ ነው የሚያስብለው።

የሐሞት ቧንቧ ካንሰር ደም ሥርን ከውስጥ ከመሙላት ይልቅ ከውጭ አንቆ ያጠበዋል። ከኋላው ያሉ የሐሞት ቧንቧዎች ይሰፋሉ። የጉበቱ ቅርፊት ወደ ዕጢው ይሰረጉዳል፤ ጅማቱ ስለሚስበው ነው። ሲሮሲስ ላይም ይወጣል፤ ስለዚህ «ሲሮሲስ አለ፣ እንግዲያው ኤችሲሲ» ማለት አይሠራም።

ሁለቱ የተቀላቀሉበት ዓይነትም አለ። ብርቅ ነው፣ ደግሞም አስቸጋሪ። አንዱ ጎን ኤችሲሲ ይመስላል፣ ሌላው ጎን ኢላማ። ወይ ምስሉ አንዱን ሲል የደም ምርመራው ሌላውን ይላል፤ ለምሳሌ ምስሉ ጥርት ያለ ኤችሲሲ ሆኖ ሲኤ 19-9 ጣራ ከነካ። እንዲህ ያለ አለመስማማት ሲያጋጥም በግምት አትሸፋፍኑት፤ ናሙና ይወሰድ፣ ከተቻለም ከሁለቱም ጎን።

ከሌላ ቦታ የመጡ ሥርጭቶች ብዙ ናቸው፣ መጠናቸው ይለያያል፣ ጤነኛ ጉበት ይወዳሉ። ከትልቁ አንጀት የመጡት ቀለበት አላቸው፣ መሐላቸው ይጠቁራል። ከኩላሊት፣ ከታይሮይድና ከኒውሮኢንዶክራይን የመጡት ግን ሁለንተናቸው አርቴሪያል ላይ ሊደምቅ፣ ቀጥሎም ሊጠቁር ይችላል፤ ኤችሲሲን በደንብ ያስመስላሉ። እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ የጻፋችሁት ወረቀት የሚያድናችሁ።

ወጣት ሰው፣ ጤነኛ ጉበት፣ ትልቅ ዕጢ፣ መሐሉ ጠባሳ። ፋይብሮላሜላር ካርሲኖማ የሚባለውን የጉበት ካንሰር አስቡ። ኤኤፍፒ ብዙውን ጊዜ ልክ ነው። ጠባሳው ቲ2 ላይ ጥቁር ነው፤ የፎካል ኖዱላር ሃይፐርፕላዝያ ጠባሳ ግን ቲ2 ላይ ያበራል።

መግልን አትርሱ። ቀለበት አለው፣ ዲፉዥን ላይ ያበራል፣ ኢላማ ይመስላል። ልዩነቱ ዲፉዥን ላይ ብዙ ጊዜ የሚያበራው ፈሳሽ የሞላው መሐሉ መሆኑ ነው። ትኩሳት ያለው ሰው ላይ ካንሰር ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ሐኪሙ ደውሉ።

10. ሪፖርቱ

የዕጢውን መጠን ዳርቻው በግልጽ ከሚታይበት ምስል ውሰዱ፤ አርቴሪያል ላይ ዙሪያው ያለው ጉበት አብሮ ሊደምቅ ስለሚችል ያሳብጠዋል። ለካችሁበትን ፌዝና የምስሉን ቁጥር ጻፉ፣ ከ3 ወር በኋላ የሚያነበው ሰው ያመሰግናችኋል። ቁጥሩ ተራ ነገር አይደለም። ለንቅለ ተከላ ከ1996 ጀምሮ የሚሠራበት የሚላን መስፈርት አንድ ዕጢ ከሆነ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ እስከ ሦስት ከሆኑ እያንዳንዱ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይላል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ሰውን ከሰልፍ ሊያስወጣ ይችላል።

የሰጣችሁት ኮንትራስት የትኛው እንደነበር ስሙን ጥቀሱ። ሰውየው ከተንቀሳቀሰ ወይም አርቴሪያሉ ከዘገየ በግልጽ ጻፉ፤ «ድምቀት የለም» እና «ድምቀቱን ማየት አልተቻለም» ለየብቻ ናቸው። ምስሉ ለመፍረድ የማይበቃ ከሆነ ላይራድስ ኤልአር ኤንሲ የሚባል ምድብ አለው፤ ይደገም ማለት ነው፣ አትፈሩት።

መጨረሻ ላይ ምን እንደሚቀጥል በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ኤልአር 5 ከሆነ የጉበት ቡድኑ ይነጋገርበት። ኤልአር ኤም ከሆነ ናሙና፣ በደንብ የደመቀው ክፍል ላይ ያነጣጠረ። ኤልአር 3 (ካንሰር መሆን አለመሆኑ ያልለየለት) ከሆነ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገም፣ በሚቻልበት ሁሉ በዚያው ኮንትራስት፣ የድሮው ምስልም ሲዲው ላይ አብሮ ይላክ።